ጨው የበዛበት

በፑንታ አሬናስ ሰኔ ወር ሲገባ
ቀን ማለት ክብሪት ነው፣ ቦግ ብሎ የሚጠፋ፤
ነፋሱ ሰው ገፍቶ ገመድ ያስይዛል፣
ከማጄላን ሰርጥ ጨው እየዘገነ
የሆስፒታሉን ጣራ በጥፊ ይመታል።

እኛ ምድር ቤት ነን፣ እኔና ኤሉተሪዮ፣
ሁለት ካፖርት ደርበን፣
ማሽኑ እንዳይሞቀው እኛ እየበረደን።
አዲሱ ቋት መጥቷል፤
የሳንባ፣ የአጥንት፣ የፅንስ ምስል ሁሉ
ከእንግዲህ እዚህ ያድራል።

ትእዛዙ አጭር ነው፦ የማቆያ ዘመን ወስኑ ለፋይሉ።
ዝቅተኛው፣ ዜሮ።
ነባሪው፣ አስራ አምስት ዓመት።
ከፍተኛው፣ ሠላሳ።
ሦስት ጠባብ ሳጥን፣ ሦስት ቁጥር ብቻ፤
ለማስታወስ ወሰን፣ ለመርሳት ዳርቻ።

ከዚያ ደግሞ ቁልፉ።
አንዴ ከታሰረ
ሚኒስትር ቢመጣ፣ ዳይሬክተር ቢቆጣ፣
የኔው የይለፍ ቃል ሌላውን በር ሁሉ ቢከፍት፣
ፋይሉ አይሰረዝም፤ ግዝት ነው ግዝት።
መጨመር ይቻላል፤
መቀነስ ግን የለም።
ሰዓቱም የግድግዳው አይደለም፤
በሆዱ የሚቆጥረው የራሱ ሰዓት አለው፣
ወደ ኋላ ሊያዞር የሚሻን ጣት የማይሰማው።
ከአፍ የወጣ አፋፍ ቢሉም፣
ይሄኛው አፋፍ ደርሶ አይወድቅም።

«እስቲ እንሞክረው» አልኩ። «የሆነ ነገር ጻፍ።»
ኤሉተሪዮ ማርቲኒች፣ ስልሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣
ጢሙ ላይ የምሳው ፍርፋሪ ያለው፣
በሁለት ጣቱ ፊደል እየለቀመ
ጻፈ፦
«የዛሬው የካፊቴሪያ ሾርባ
ጨው በዝቶበታል።»

ችኮላ። ብርድ። የኔው ጣት።
ለአንድ ቀን ልል ያሰብኩትን
ከፍተኛው ላይ ጫንኩት።
ሠላሳ ዓመት።

ልሰርዝ አልኩ። እምቢ።
እንደገና። እምቢ።
ማሽኑ በቀይ ፊደል፣ ሳይቆጣ፣ ሳይሰለች፦
«ጊዜው አልደረሰም።»
ኤሉተሪዮ ግን ወንበሩ እስኪንቋቋ ሳቀ፤
ሳቁ ሳል ሆነበት፤ ሳሉን ዋጠ፤ ደግሞ ሳቀ።
«ኒቢያ» አለኝ፣ «አባቴ ዕድሜውን መርከብ ሲጠግን ኖሮ
ስሙ የተቀረጸ ጣውላ እንኳ የለም ዘንድሮ።
እኔ ግን፣ ተመስገን፣ በሾርባ ጸደቅሁ!»

ከዚያ ወዲህ ኮሪደር ላይ ስንተላለፍ
ሰላምታው ሌላ ሆነ፦
«ሾርባዬ ደህና ናት?»
«ደህና ናት፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር ቀራት።»

በሦስተኛው ክረምት
በገዛ እግሩ ወጣ ወደ ራጅ ክፍል፤
ምስሉ ሽቦ ለሽቦ ወርዶ ደረሰ እኛ ቋት፣
ግራ ሳንባው ላይ
አተር የሚያህል ነጭ ነጥብ ይዞ።
ማንም አልነካው፤ ደንቡ ራሱ አሰረው፦ አስራ አምስት ዓመት።

እሱ ግን አስራ አምስት ወርም አልቆየ።

ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ካፖርቱ ምስማሩ ላይ ነው፤
መጥቶ የወሰደው የለም።
ሁለቱን ፋይል ጎን ለጎን ከፈትኩ፣
የሕመሙንና የሾርባውን።
ምስሉ ቀድሞ ይሄዳል።
አንድ ሌሊት፣ ሰው ሳያይ፣
ቋቱ ያቺን ነጭ ነጥብ አውጥቶ ይጥላታል፤
ሾርባዋ ግን ትቆያለች፣
ሌላ አስራ ሁለት ዓመት፣ ጨዋ እንደበዛ።

ማራዘም እችላለሁ። ሥልጣኑ አለኝ።
የምስሉን ቀን ገፍቼ
ከሾርባዋ ቀን ጋር ላስተካክለው፣
ጣቴ ሳጥኑ ላይ ነበር።
ከላይ ነፋሱ ጣራውን ይመታል።
ቁጥሩን እንዳለ ተውኩት፤
በሽታው በቀጠሮው ይሂድ ብዬ።
መብራቱን አጥፍቼ ደረጃውን ወጣሁ፣
ካፊቴሪያው ሳይዘጋ
ሾርባ ልቀምስ።