አራት ደቂቃ

አታካማ ላይ ዝናብ ወሬ ነው፣
አያት የሰማው፣ ልጅ ያልነካው።
ዝገት እንኳ እዚያ አይቸኩልም፤
ብረት ይከሳል እንጂ አይቀበርም።

ከሳንታ ብሪጂዳ የመዳብ ጉድጓድ ማዶ፣
መንገዱ ከጨው ሜዳ ጋር ተዋህዶ፣
ሃያ ሰባት መኪና እንደቆመ ቀርቷል፤
አንዱ በአፍንጫው ተደፍቶ አሸዋ ጠጥቷል፣
አንዱ ኮፈኑን ከፍቶ ወደ ሰማይ ያዛጋል፣
የአንዱ በር ተነቅሏል፣ ቁልፉ ግን ተንጠልጥሏል።
በአንዷ ጎን ላይ የተሣለውን አይስክሬም
በረሃው ልሶ ልሶ
እንጨቱን ብቻ አስቀርቶታል።

ኤድሊያ የደረሰችው ጨረቃ ሳትወጣ ነው።
የወደቀ ማንሣት ነው ሥራዋ፤
ክሬን የላትም፣ የብረት ገመድ የላትም፤
አንድ ካሜራ፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ፣
ባለ ሁለት ድንጋይ ባትሪ፣
ከከረሜላ የተረፈ ቀይ ላስቲክ።

ዘበኛው ዶን ኖልቤርቶ ውሻ የላቸውም፤
ሌባ የሚያባርሩት በሳላቸው ነው።
«የትኛውን?» አሏት።
«ቢጫውን አውቶብስ።»
ቆባቸውን አወለቁ፤ መልሰው አጠለቁ።
«ቢጫ አልነበረም። ፀሐይ ናት ያጃጃለችው።
ብርቱካን ነበር።»

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤
ከጉድጓዱ የወጣ የጭነት መኪና
ሰማዩን በፓውዛው አጥቦ አለፈ።
በሁለተኛው የራሷ ጥላ
አውቶብሱ ጎን ላይ እንደ እድፍ ወጣ።

እንደገና ከፈተች። አራት ደቂቃ።
ጥቁር ለብሳለች፣ ሐዘን ግን አይደለም፤
ካሜራው እንዳያያት ነው።
በእግር ጣቷ ዞረችው፤
ጎማ አልባ እግሮቹን ቀባች፣
ግንባሩን ቀባች፣ የፈሰሰ ዓይኑን ቀባች።
ሜሮን አይደለም፤ የድንጋይ ብርሃን ነው፤
እጇ ግን ጨቅላ የሚያጥብ ሰው እጅ ነው፣
ከዘገየ ያቃጥላል፣ ከቸኮለ ይረሳል።
በተሰበረው መስኮት ቀዩን ሰደደችበት፤
ሞተር የሌለው ሆድ ትኩሳት ያዘው።

በሁለተኛው ደቂቃ በሩ ሲጢጥ አለ።
ሽማግሌው ገቡ።
አልተጠሩም፤ አላስፈቀዱም።
የመሪውን አቧራ በእጅጌያቸው ጠርገው፣
መስታወት የሌለውን ስፖኪዮ አስተካክለው፣
ፍሪሲዮን ረግጠው ማርሽ አስገቡ።
ኤድሊያ ትንፋሿን ዋጠች፤
አራት ደቂቃ እኩሌታ የለውም።

ሲጋራ ለኮሱ። ከዚያ በዝግታ
በስም ጠሯቸው፣ እንደ ጠዋቱ ተርታ፦
ኡርሱሊናን፣ ከማቅለጫው በር የምትወርደውን፣
የማማኒ ልጆችን፣ አንዱ ሁልጊዜ የሚያኮርፈውን፣
ማለዳ ወርዶ ማታ ወንበሩን ያልጠየቀውን።
«ወራጅ አለ?» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።
ከኋላ አንድ ወንበር ተንቋቋ፤
ነፋስ ነው።

መዝጊያው ቀጭ አለ።

በካሜራው ጀርባ፣ በትንሿ መስኮት፣
አውቶብሱ ብርቱካን ሆኖ ነደደ፤
ከዋክብቱ ከላዩ አጭር አጭር ጭረት።
«አዎ፤ ይሄ ነው ቀለሙ» አሉ።
ቆይተው፣ «እኔስ?»
«እርስዎ ተንቀሳቀሱ።
ካሜራው የሚያስቀረው የቆመ ነው።»

ዝም። ጨው ሜዳው በብርድ ሲሰነጠቅ ይሰማል።
«ሠላሳ አንድ ዓመት ስነዳው ማንም አላነሣን፤
እሱ ቆመና ይኸው ተነሣ።
እኔ እንግዲህ…» ሳቁ፣ ሳሉ፣ ደግሞ ሳቁ፣
«አልቆምኩም ማለት ነዋ!»

ምስሉን አቀረበችላቸው።
ከመሪው በላይ፣ ባዶው ወንበር ፊት፣
ከጉልበት እስከ አፍ የተሰመረ
ቀጭን ቀይ ክር፤ ሲጋራው የሄደበት።
በጥፍራቸው ተከተሉት፣
ሲወጣ፣ ሲወርድ፣ ሲወጣ።
«ይቺ እጄ ናት» አሉ።

ቁራጩን ጣሉ፤ በጫማቸው አጠፉት።
ሁለት እርምጃ ሄደው ተመለሱና
ጎንበስ ብለው አነሡት።
«እዚህ» አሉ፣ ወደ ኪሳቸው ሲከቱት፣
«የወደቀ ነገር አይበሰብስም።»