አሥራ ሁለት ሰከንድ

«ቁጠሪ» አለኝ። ቆጠርኩ።
አንድ ላይ ነጭ ገጽ፤ ሁለት ላይ ያው ነጭ፤
ሦስት ላይ አንዲት ክብ መዞር ጀመረች፣
ጭራዋን ልትነክስ እንዳማራት ቡችላ ዞረች፣ ዞረች፤
ሰባት ላይ የቺሎዌ ዝናብ ቆርቆሮውን መታ፤
ዘጠኝ ላይ አጎቴ እርሳሱን ከጆሮው አውጥቶ መልሶ ሰካ፤
አሥራ ሁለት ላይ፣ በስንት ምጥ፣ ባሕሩ መጣ።

የገጹ ግንባር ላይ የሚንቀሳቀስ ባሕር፣
ከዳልካዌ ወደብ እኔው የቀረጽኩት፣
«እንዴት ያምራል!» ብለን የመረቅነው ነበር።
ከሥሩ ጀልባዎች፣ አርባ ሦስት ፎቶ፣
አንዱ የሌላውን ወገብ ገፍቶ፤
«ምን ልርዳዎት?» የሚል፣ መልስ የማያውቅ ሳጥን፤
ገና በበጋ በሚውልበት አገር የሚረግፍ በረዶ፣
እኔው የለጠፍኩት፤ ገናው አልፎ፣ ፋሲካም አልፎ፣
እሱ ግን ይረግፋል፣ የሚያቆመው አጥቶ።

ድረ ገጽ መሥሪያው ቀላል ነው፤ መጎተት፣ መጣል፤
እጅ ሲቀለው ጭነቱ የት ይታወቀዋል?
«በቃሽ» የሚል ሻጭ የሌለበት ሱቅ ነው፤
ዕዳው የሚጻፍበት ስሙን የማናውቀው ሰው።

ስሙ ሰኞ ለት መጣ።
ባሲሊዮ ዌንቹር፣ ከአፒያው ደሴት፣ እስከ ጉልበቱ ረጥቦ።
«ጀልባዬ ውኃ ስታስገባ ቁጥርህን ፈለግሁ፣
በአንድ እጄ ባልዲ፣ በአንድ እጄ ስልክ ይዤ፤
ኔትወርኩ አንዲት ጭረት፣ እሷም ብልጭ ድርግም።
ነካሁ። ጠበቅሁ። ቀዳሁ። ጠበቅሁ።
ሲከፈት ምን ያሳየኛል? ባሕር!»
ሳቀ። እኛ አልሳቅንም።
«ባሕርማ እግሬ ሥር ነበረ፣ ኤሌውቴሪዮ፤
እኔ የፈለግሁት ዘጠኝ አሃዝ ነው።»
ሹራቡን ስንጥቁ ውስጥ ወትፎ ነበር የደረሰው።

አርባ ዓመት ከሳንቃ ላይ ክብደት ሲላግ የኖረ ሰው፣
«ጀልባ በማዕበል አትሰጥምም፣ በያዘችው ነው» እያለ
ተለማማጅ የሚቆጣ ሰው፣ ቃል አልወጣውም።
ማታ ወንበሩን ስቦ ከጎኔ ተቀመጠ፣
ስክሪኑን ሰጋቱራ በሰጋቱራ አደረገ።
«ላጊው» አለኝ።

ባሕሩን ላግሁ፤ ያን ሁሉ ውኃ በአንድ ጠቅታ።
ከአርባ ሦስቱ ሰባት አስቀረን፣
ሰባቱንም በስልክ ለሚያይ ዓይን ልክ አሳነስን፣
«አልደበዘዘም?» እያለ አፍንጫውን ስክሪኑ ላይ ሲለጥፍ፤
የሄደው ቅርፊቱ ነው እንጂ እንጨቱ አለ።
በረዶውን ጠረግሁ፣ ሳጥኑን ዘጋሁ፣
ከጀርባ ተቀምጠው ጎብኚ የሚቆጥሩ
ማን እንደቀጠራቸው የማላውቅ ሦስት ሎሌዎችን አሰናበትሁ።
አሥራ ሁለቱ ዘጠኝ፣ ዘጠኙ አምስት፣ አምስቱ አራት ሆነ፤
አራት ላይ ግን ቆመ።

የኦቲሊያ ፊደል።
ሚስቱ የአስቤዛ ዝርዝር ከምትጽፍበት ደብተር
አንድ በአንድ ለቅሜ፣ በሞተች በዓመቷ፣
የገጹን ቃል ሁሉ በእጇ ያጻፍኩት እኔ ነኝ።
ፊደሏ እስኪደርስ አንድም ቃል አይታይም፤
ዘጠኙ አሃዝ ሳይቀር እሷን ይጠብቅ ነበር።

አልነገርኩትም። ጣቴ ብቻ ቆመ።
ገባው፤ የትኛው ወጋግራ እንደከበደ አናጺ አይጠፋውም።
ብዙ ዝናብ ዘነበ።
«እሷ እኮ» አለ በመጨረሻ፣
«ሰው ደጅ ማስጠበቅ አትወድም ነበር።»

ቁጥሩን ስልኩ ሁሉ በሚያውቀው ተራ ፊደል ከላይ፣
እሷን ከገጹ ግርጌ፤ ከደብተሯ አንዲት መሥመር፦
«ሚስማር፣ ዝፍት፣ ስኳር፣ ለሱ ደግሞ ካልሲ»፤
እዚያ ድረስ ለወረደ ብቻ እንድትመጣ።

«ቁጠሪ» አለኝ። አንድ ብዬ ሁለትን ሳልጨርስ
ዘጠኙ አሃዝ ነጩ ላይ ጠቁረው ቆሙ።
ሐሙስ ባሲሊዮ ደወለ፤ ጀልባው ደህና ናት፣ ለሙከራ ነው፤
«ባሕሩን ማን ጠጣው?» አለ።

አጎቴ ማታ ማታ መላጊያውን ሰቅሎ
ስልኩን ያወጣል፤ በአውራ ጣቱ ይወርዳል፣
ሰባቱን ጀልባ አልፎ፣ ግርጌው ጋ ይደርሳል።
መጀመሪያ ግራጫ ባዶ። ከዚያ እሷ።
አንድ ሰከንድ ተኩል ትዘገያለች፤
ይችንም ልላጋት ብለው
«ተያት» አለኝ፣ ዓይኑን ከግራጫው ሳያነሣ።