ዘጠነኛው ይዘገያል

እኔ በሩ ላይ ነኝ፣ ሰደርያዬ ቢጫ፤
«በግራ ነው መግቢያው፣ በቀኝ ነው መውጫ»
እላለሁ ለመጪው፣ ሃያ ሁለት ዓመት፤
ደመወዜ ሳንድዊች እና ያችን ማየት።

ያችን ማለት…
ክንፏ ድርብ ድርብ፣ ገላዋ የበፍታ፣
የእንጨት ጎድኖቿ፣ ፀሐይ ስትመታ፣
በራጅ እንደሚታይ የሽማግሌ ደረት
ከጨርቋ ሥር ወጥተው የሚቆጠሩባት፣
መቶ ዓመት ያለፋት የሊንከንሸር እመቤት።

የምትጠጣው ዘይት ጉሎ ነው፣ ያው ጉሎ፣
ሆዱ የደረቀ የሚጨልጠው ቶሎ።
በጥንቱ ጦርነት መሰሏን ሲያበሩ፣
ጢሱን እየዋጡ በደመና ሲዞሩ፣
ከጠላት ጥይት ይልቅ ሆዳቸው ሲያጣድፍ
ስንቱ ጀግና ወርዷል ቁጥቋጦ ሥር ሊያርፍ!

ነሐሴ ሲጋመስ፣ ገብስ ታጭዶ ሲያልቅ፣
ታጣፊ ወንበር፣ ቴርሞስ፣ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ
ተሸክመው መጥተው አጥር ሥር ይሰፍራሉ፤
ያችን በጋ አንስተው ዘንድሮም ይጣላሉ።

«ቀይ ነበረች ያኔ።» ሙሪየል ናት ይህች።
«ምን ቀይ! አረንጓዴ! ዓይንሽን ታከሚ!» ኦስዋልድ ነው።
«ሞተሯ የጠፋው ከደወል ቤቱ በላይ።»
«ከወንዙ ነው እንጂ!»
«ዝናብ ያካፋ ነበር፣ ጉንጬ ላይ፣ እጄ ላይ።»
«ምን ዝናብ አመጣሽ? ፀሐይ ነበር፣ ፀሐይ!»

ኦስዋልድ የአውሮፕላን ቁጥር የሚጽፍበት ደብተር አለው፤
የዚያን ቀን ገጽ ግን ባዶ ነው፣
እርሳሱ ከእጁ ወድቆበት።

በአንድ ነገር ብቻ ከቶ አይለያዩም፦
ዝም ያለች ጊዜ
ሁለት ሺህ ሰው ቆሞ አንድ አልተነፈሰም፤
ሽቦዎቿ ብቻ በነፋስ ሲያፏጩ
ሕፃናቱ ሳይቀር ቆዩ ሳይንጫጩ።
ከዚያ ሣር ላይ አረፈች።
«አለቀስኩ» ትላለች ሙሪየል።
«አላለቀስሽም» ይላል ኦስዋልድ፤ «ያለቀስኩት እኔ ነኝ።»

ሴድሪክ ፓሽሊ ግን አፉን አይከፍትም።
ሞተሯን ያኔ የገጠመው እሱ ነው፤ አሁን አይሰማም።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤
የሴድሪክ ጆሮ ግን ባዳም አይደል፣ ሄዷል፤
አርባ ዓመት ከሲሊንደር ጋር ሲያወራ ከርሞ
እዚያው ሃንጋር ውስጥ ቀርቷል።

ዘንድሮ ውልብልቢቱን የጎተተችው ታምሲን ናት፣
የሃያ አራት ዓመት መካኒክ፣ ጥፍሯ ሁሌ ጥቁር።
ሞተሩ ነጭ ጢስ ተፋ፤ ሣሩ ተኛ፤ የሰው ባርኔጣ በረረ።
ፍሬን የላትምና ሰው ነው የሚያቆማት፤
ሁለቱ ከጅራት፣ አንድ አንድ ከክንፏ ጫፍ ሲይዟት
ሴድሪክ፣ በሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ግራ ክንፏን ያዘ።
መዳፉን ጨርቁ ላይ አሳረፈ፣
እንደ አዋላጅ፣ ዓይኑን ጨፈነ።
ከዚያ ለታምሲን ጣቶቹን ዘረጋላት፤ ዘጠኝ
(ያሉትም ዘጠኝ ናቸው፤ አንዱን እሷ በልታዋለች፣ ድሮ)።
«ዘጠነኛው» አለ። «ዘጠነኛው ይዘገያል።»

ሞተሩ ጠፋ። ሕዝቡ አጉረመረመ፣ አይስክሬም ቀለጠ።
ታምሲን ጎንበስ ብላ ካንዴላውን ፈታች፤
ከሰል ነው፣ ጥቁር ከሰል።
ምንም አላለችውም። ከኮቱ ኪስ ከተተችለት።

ስትነሳ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል፤
ግማሹ ሕዝብ ሄዷል፤
እኔም በሩ ላይ ነኝ፣
መኪናው ተሰልፎ፣ ጡሩምባው ሲያዋክበኝ።
ከአናቴ በላይ አለፈች፣ ዝቅ ብላ፣
ጥላዋ በገብሱ ቆረን ላይ እየተጎተተ።
እጄ ላይ አንድ ነገር ጠብ አለ። ደግሞ ጉንጬ ላይ።
ቀና አልኩ፤ ደመና የለም። ፀሐይ ነው፣ ፀሐይ።
አሸተትኩት።
ጉሎ።

ከአጥሩ ማዶ ሙሪየል ወንበሯን እያጠፈች ነው፤
ልንገራት? ከኦስዋልድ ጋር ታርቃ
ለከርሞ ምን ልትሠራ ትመጣለች?
«በቀኝ ነው መውጫ» አልኩት ባለ መኪናውን፣
ሳልጠርግ ጉንጬን።