ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ቀን

ልደታ ፍርድ ቤት፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ከዣንጥላ ሥር፣
ሃያ ሦስት ዓመት የሰው በደል በገጽ ስቸረችር፣
ብዙ ቁልፍ አይቻለሁ በር ያጣ፣
ብዙ ደረሰኝ አይቻለሁ ቤት ያጣ።
የዘርፌ ግን
እንደ ካርቦን ቀለም ጣቴ ላይ ቀረብኝ።

መጣች በኅዳር። ነጠላዋን አላዘቀዘቀች፤
«ሰው አልሞተብኝም፣ ቤቴ ነው» አለች።
ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣
አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት፣ አልጋ ከገባ ወንበር የማይገባ።
«ፍቼ ሄጄ እህቴን ሳስታምም ሦስት ወር ቆየሁ፤
እሷ ተነሣች፤ እኔ ደጄ ላይ ወደቅሁ።
ቁልፌን ብከተው አልዞር አለ፤
‹ማነው?› የሚል ድምፅ ከውስጥ አለ።
በገዛ በሬ ላይ ‹ማነው?› ተባልሁ፤
ማን እንደሆንሁ ለጊዜው ረሳሁ።»

ስም ጠየቅሁ። ከሳሽ፦ ዘርፈሽዋል።
ተከሳሽ፦ ገዛኸኝ። እግዜርም አንዳንዴ ይቀልዳል፦
ዘርፈሽዋል ተዘርፋ፣ ገዛኸኝ ሳይገዛ ገብቶ፤
ስም አውጪ ከየት ያውቃል፣ የነገን በር ከፍቶ?

ሕጉን ነገርኋት፦ «ካርታ አይጠይቅሽም፤
‹ባለቤቷ ነሽ ወይ?› አይልሽም።
በእጅሽ ነበረች ወይ? በጉልበት ወጣሽ ወይ?
ይኸን ነው የሚለው። ‹ሁከት ይወገድልኝ› በይ።
ብቻ አንድ ነገር፤ ሕግ ቀን ይቆጥራል፤
ሁለት ዓመት ካለፈ እሱም በሩን ይዘጋል።»

ማመልከቻው አልቆ፣ ፊርማ ሲቀረው፣
«ቆይ» አለች፣ «ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ቀኗ ነው።
ትገላገል።» ተገላገለች፤ ሴት ልጅ።
«አራስ ከቤት አይወጣም፤ ክርስትናው ይለፍ እንጂ!»
በሰማንያ ቀኗ ሕፃኗ ተጠመቀች፣
ዘርፌ ራሷ (አትሣቁ) ክርስትና እናት ሆና ታቅፋት ቆመች።
የልጅቱ ስም? ርስቴ።
ይህን እንኳ አልጻፍሁትም፤ ገጽ ቢተርፍም ከወረቀቴ።

ገዛኸኝንም አውቀዋለሁ፤ ክፉ ሰው አይደለም፤
ካዛንቺስ ተከራይቶ የኖረበት ግቢ ፈርሶ፣ መሄጃ የለውም።
«ባዶ መስሎኝ ነው» አለኝ፤ «አቧራ ነበር መስኮቱ ላይ።»
እንዲህ ነው፤ አቧራም ይመሰክራል በሰው ላይ።

ከዚያ ክረምት ገባ፤ «በዝናብ ሰው አይወጣም።»
ከዚያ ፍልሰታ፤ «ሱባኤ ላይ ክስ አያምርም።»
ከዚያ የሰውየው ሥራ ጠፋ፤ ከዚያ ልጅቷ ኩፍኝ ወጣባት፤
ዘርፌ ብርቱካን ይዛ ሄዳ ጠየቀቻት፣
በገዛ በሯ አንኳኩታ፣ «ግቢ» ተብላ፣
በገዛ አልጋዋ ጠርዝ እንደ እንግዳ ተጠልላ።

ሦስተኛው ኅዳር ላይ መጣች፦ «አሁን ጻፍልኝ፤
ልጅቱ ቆመች፣ ሄደች፤ እንግዲህ አትይዘኝ።»
ቀን ቆጠርሁ፤ በጣቴ፣ በስልክ፣ በማኅበሩ ካላንደር፤
ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ቀን፤ አይጎድል ቢቆጠር ቢቆጠር።

ሕጉን ልስደበው? አልሰድበውም፤
ቀን ባይቆጥር ኖሮ ማንም ተረጋግቶ አያድርም።
የሚቆጥር ያስፈልጋል፤
ደግነትን ግን በየትኛው ዓምድ ያሰፍረዋል?
ዘጠኙ ቀን የኩፍኙ ነው፤ እኔ አውቃለሁ፤
ለዳኛ ግን «ኩፍኝ» ብዬ በምን አንቀጽ እጽፋለሁ?

«ቢሆንም ጻፈው» አለች። ጻፍሁ። ብር አልተቀበልሁም።
ማስረጃ አንድ፦ የኪራይ ደብተር።
ሁለት፦ የውኃ ደረሰኝ።
ሦስት፦ ቁልፍ።
«አምጪው፣ ላያይዘው» ስላት ወደ ጎኗ ዘወር አለች፤
ለካ ርስቴን ይዛት መጥታለች፣
(እናቷ ሥራ ሄዳ) ልጅቱ ከዣንጥላዬ ጥላ ዳር ቁጭ ብላ
ቁልፉን ትጠባለች።
ዘርፌ ቀስ ብላ ከአፏ አወጣችው፣
በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣
ለእኔ ሳይሆን
ለልጅቱ መለሰችው።