ገጽ መቶ አርባ ሦስት

ሥራዬ መጠገን ነው፣ በዱሉዝ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣
የተገነጠለ ጀርባ፣ የላላ ስፌት፣
ውሻ ያኘከው ጠርዝ፣ ጃም የነካው ዳርቻ፤
መርፌና ሙጫ ይዤ፣ ከአንዲት መብራት ጋር ብቻ።

ውጭ ጥቅምት ነው፤ ሱፒሪየር ሐይቅ ጉሙን ተከናንቧል፣
ድልድዩ ለመርከብ ሲነሣ እዚህ ድረስ ይሰማል፣
እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ፣ ጉልበቱን ይዞ፤
መርከቡ ያልፋል ከሥሩ፣ በቀስታ ተጉዞ።

ዛሬ የመጣልኝ በሽተኛ የልጆች መጽሐፍ ነው፣
ሻምበል እሾህ የሚባል ጃርት መርማሪ የሆነበት ነው።
መነጽሩ አፍንጫው ላይ አይረጋም፣ ይንሸራተታል፤
ሲያስብ እሾሁ ይቆማል፣ ሲያፍር ይተኛል።
ረዳቱ ዳክዬ ናት፣ ወይዘሮ ቀዛፋ፣
ዱካ ልለካ ስትል በእግሯ የምታጠፋ።

ጉዳዩ ይህ ነው፦ የወደቡ ደወል ምላሱን አጥቷል፤
ናሱ አፉን ከፍቶ፣ ዲዳ ሆኖ፣ ተንጠልጥሏል።
ጉም ወርዷል። ጀልባ ከድንጋይ ሊላተም ነው።
ማን ወሰደው?
ቁራው ይሆን፣ የሚያብለጨልጭ አይቶ የማያልፈው?
ድቧ፣ እንቅልፍ አጥታ ሰሞኑን የምትነጫነጨው?
ወይስ ያ ኤሊ፣ ስንት ዘመን ሐይቁ ሥር ዝም ያለው?

ምዕራፍ አሥራ ሁለት። ሻምበል እሾህ ሁሉን ሰበሰበ፣
ሻማ ለኮሰ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጥቂት አሰበ።
«ሌባው» አለ፣ «አሁን እዚህ ከመካከላችን ያለው —»

ከዚያ ወዲያ ወረቀት የለም።
ሌላ ቅጂ ፈለግሁ፤ አሳታሚው ተዘግቷል፣ አይገኝም።
ያለችን አንዲት ቅጂ ይህቺው ናት፤
ስንት ልጅ ብርድ ልብስ ሥር በባትሪ ያነበባት።

ቅዳዱን በጣቴ ዳሰስኩት። የውሻ ጥርስ አይደለም።
በማስመሪያ ተይዞ፣ በምራቅ ረጥቦ፣
በጥንቃቄ የተቀደደ፣ ሆን ተብሎ፣ ታስቦ።
ይህ ሌባ፣ አልኩ፣ መጽሐፍ ይወዳል።

እንደ ጃርቱ መነጽሬን ወደ ላይ ገፋሁና
የኋላ ሽፋኑን ገለጥኩ፤ እዚያ ነበረና
የልጆቹ ሸንጎ፣ በእርሳስ፣ በጠማማ ጽሑፍ፣
አንዱ ሌላውን ሲከስ፣ ሲዘልፍ፦

«ቁራው ነው። ኢንጋ ነኝ፣ ዘጠኝ ዓመቴ።»
«ኢንጋ አታውቅም። ድቧ ናት፣ በእናቴ!»
«ዳክዬዋ ራሷ ብትሆንስ?»
ከታች፣ ጥጉ ላይ፣ እርሳሱ ወረቀቱን እስኪበሳ ድረስ፦
«ሽኮኮው አይደለም።»

ሽኮኮው? ሽኮኮውን ደግሞ ማን ጠርጥሮ?
ፒኒ፣ ጆሮ ቆራጣው፣ ለውዙን በኪሱ ቋጥሮ
በየምዕራፉ ለመንገደኛ የሚያድል፣
በመቶ አርባ ሁለት ገጽ ያልተቆጠረበት በደል።
ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት፤
ክስ ሳይኖር ጠበቃ ከየት?

ሐሙስ፣ በንባብ ሰዓት፣ ወደ ላይ ወጣሁ፣
ኦሊ ሃውታላ አጠገብ፣ ትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ።
ሰባት ዓመቱ ነው፤ የፊት ጥርስ የለውም፤
ቢጫ ቦቲውን ቤት ውስጥም አያወልቅም።
አልጠየቅሁትም። መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አኖርኩ፣
«ደወሉ አሳዘነኝ» አልኩ፣
«አፉን እንደከፈተ ቀረ።»
ኦሊ ጣራውን አየ። ቦቲው ውስጥ እጁን ሰደደ፣ በረበረ፣
አራት የታጠፈች፣ በላብ የሞቀች ወረቀት
አወጣና፣ ሳያየኝ፣ እጄ ላይ አኖራት።

«ደወሉ ልጆቹን እየቀሰቀሰበት ነው እኮ የወሰደው፤
ገና ዓይናቸው አልተከፈተም። ግን ማን ይሰማው?
ሌባ ሊሉት ነው።»
አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

ወርጄ አነበብኳት። እውነት ነው፣ ፒኒ ነው።
ሻምበል እሾህ አመለከተ፤ ሽኮኮው በጭራው ፊቱን ሸፈነ፤
«ተፈጸመ» ይላል፣ በትልቁ። የደራሲው ነገር እዚያ አበቃ።
ከሥሩ ግን፣ መስመር ያልጠበቀ የእርሳስ ፊደል፦
«በማግስቱ፣ ማንም ሳያየው፣ መልሶ ሰቀለው።»

ገጿን በስስ ወረቀትና በስንዴ ሙጫ አጣበቅሁ፣
ድንጋይ ጭኜባት እስክትደርቅ ጠበቅሁ።
ግድግዳው ላይ ደንብ ተለጥፏል፤ ቁጥር ሰባት፦
አንባቢ በእርሳስ የጻፈው ሁሉ ይጥፋ፣ በፍጥነት።

ላጲሱ እጄ ላይ ነው፤ ሮዝ፣ ጠርዙ የፈረሰ።
ውጭ፣ ጉሙ ውስጥ፣ መርከብ ጠራ፤
ድልድዩ መለሰ።