ውሃ በላው

ጨው፣ ስኳር፣ ጄላቲን፣ ሁለት ጆግ ውሃ ጣድኩ፣
እንደ ገንፎ አማስዬ ትሪ ላይ ገለበጥኩ።
ሰው ነው ይሄ፤ ስም የለው፣ አንገትም የለው፣
በሬዲዮ ሞገድ ዓይን ግን ደረት ማለት ይኸው።

አንቴናዋ ትንሽ፣ የመዳብ ቅጠል፣
በአየር ስሰቅላት ጥርት ያለች ቃል፤
ከጄሊው ስትጠጋ ቅኝቷ ይወድቃል፣
ከላክሁት አብዛኛው ውስጥ ገብቶ ይሞቃል።
ሰው ለካ ባሕር ነው፤ ጨው ያለው፣ ቆንቋና፣
የራሱን ወሬ እንኳ ውጦ የሚዝናና።

ሄልቪን ጠራኋት፤ የታምፔሬ ሽመና ቤት
በሩን ሳይዘጋ በፊት የሠራች ሠላሳ ዓመት።
ሥዕሌን ገልብጣ አይታ መነጽሯን ወለወለች፤
«ይህ ማዕዘን በመርፌ እሺ አይልም» አለች።
«ክር ባዘዙት አይሄድም፤ ያባብሉታል እንጂ።»
ብር የተቀባውን ክር በጥርሷ በጠሰች፣
ከሱፍ ሸሚዝ ደረት ላይ ቀስ ብላ ጠለፈች።

አባቴ አርቮ ለበሰው፤ ልቡ ከመከር ጀምራ
ደረጃ እንደሚዘል ልጅ ምት ትዘላለች ሳትፈራ።
በጥር፣ ናሲያርቪ ሐይቅ ድንጋይ መስሎ ሲደርቅ፣
እሱ ዓሣ ሊጠብቅ ሄደ፣ እኔ ልቡን ልጠብቅ፤
ስልኬ ላይ ቀጭን መስመር፣ ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ፣
ከዚያ ተቆረጠ።
                    ባዶ።
ያ ትሪ ላይ የገለበጥኩት ስም አልባ ገላ
ትዝ አለኝ። መኪና አስነሣሁ። ጓንቴን ረሳሁ።

በደረቱ ተኝቷል፣ በረዶው ላይ ተዘርግቶ፣
በመዳፎቹ ፊቱን ጋርዶ፣ ቀዳዳው ውስጥ ተመልክቶ።
«አባዬ!» ብዬ ስጮኽ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ጥሎ፣
«ዝም በይና ልብ በይ፤ ከሥር አንዱ መጥቷል» ብሎ።

ልቡ ደህና ነበረች። ቃሏ ነው የታፈነው፤
ከላይ ገላ፣ ከታች ሐይቅ፣ መሐል ክር፤ ውሃ በላው።

ሄልቪ ስፌቱን ፈታች። ከደረት ወደ ትከሻ።
ከሥሩ ሌላ ጨርቅ፣ ብር የጠገበ፣ እንደ ጋሻ፤
«መሬት» ይባላል በሙያችን፤ ሞገዱ ገላን ሳይነካ
ረግጦት ወደ ውጭ ይነሣል፣ ጄሊው ላይ ደጋግሜ ስለካ።
ቁጥሩ አማረ።

አባቴ ግን አዲሱን ሸሚዝ በጣቱ እያሻሸ፣
«አሁንስ» አለኝ «በየት ጎኔ ብተኛ ነው የማትሰሚኝ?»
ሳቄ መጣ። እሱ አልሳቀም።
«አንድ ቦታ ተዪልኝ።»

ከሪፖርቱ መጨረሻ፣ ከሠንጠረዡ ግርጌ፣
በትንንሽ ፊደል አንድ መስመር ጨመርኩ፦
በደረት ተኝቶ፣ በረዶ ላይ፤
                    አልተለካም።