ትኬት ቆራጯ

ሥራዬ መቁረጥ ነው፤ ትኬት እቆርጣለሁ፣
ቁርጡን ለጠየቀኝ ግን ምን እመልሳለሁ?
ከአዞሬስ ደሴቶች የኛዋ ጠባብ ናት፣
ንፋስ የሚገፋት፣ ውኃ የከበባት፣
ላሟ ከሰው በላይ፣ ዙሪያ ገባው ባሕር፣
መውጫ በሯ አንድ ነው፤ እሱም የአየር በር።

ሰኞ ጧት ራዲዮኑ ከዜናው መጨረሻ
«አብራሪዎች» አለ፣ እንደ ማስታወሻ፣
«ከዓርብ ጀምሮ ምናልባት ያድማሉ፤
ድርድሩ ካልሰመረ ሥራ ያቆማሉ።»

ምናልባት።
ይቺ አንዲት ቃል ናት ደጄን ያንኳኳችው፣
ከጧት እስከ ማታ ሰው ያሰለፈችው።

ሰፊዋ ግራሲንዳ ደረሰች ማለዳ፣
ነጭ ቬሎ ታቅፋ፣ እንደ ሕፃን እንግዳ።
«ቅዳሜ ፖርቶ ላይ የእህቴ ልጅ ታገባለች፤
ቬሎው እዚህ ቀርቶ ምን ለብሳ ትቆማለች?
ቁርጡን ንገሪኝ» አለች።

ዓሣ ነጋዴው ቫልዴማር ጠረጴዛዬን መታ፦
«በረዶ ለድርድር አይሰጥም ፋታ!»
ስድስት ቱና አለው፣ ለሊዝበን የታሸገ፤
ጠብታው ከሣጥኑ እስከ በሬ ፈሰሰ፣
እሱን የሚወለውል ሰው ግን አልተገኘ።

ሽማግሌው ኤውዜብዮ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቱ፣
የዓይኑ ሞራ ሊዝበን ይገፈፋል ዓርብ ከሰዓቱ።
ዘጠኝ ወር ጠበቀ ወረፋው እስኪደርስ፣
ዘጠኝ ወር ጭጋጉን በመሐረብ ሲያብስ።
ቁርጡን አልጠየቀም። ትኬቱን አስጠግቶ
ቀኑን በጣት ዳሰሰ፣ ሰልፉን ረስቶ።

ጭጋግ ቢሆን ኖሮ ማንም አይቆጣም፤
ደመና የሚሰድብ ከኛ ሰው አይወጣም።
ሻንጣውን አንሥቶ ይመለሳል ቤቱ፣
ጭጋግ ደጃፍ የለው፣ አይታወቅ እናቱ።

አድማ ግን እናት አለው፦
የካፒቴን ኖርቤርቶ፤ ዴዎሊንዳ ትባላለች።
ማክሰኞ ዳቦ ቤት ወረፋ ይዛ ሳለች
ወሬው ባንዴ ቆመ።
ሂሳብ ልትከፍል ስትል ሳንቲሟ ተበተነ፣
እስከ ሚዛኑ እግር ድረስ ተንከባለለ።
ጎንበስ ያለ አልነበረም።
እኔም አልጎነበስኩም።
ራሷ እየለቀመች፣ ለወለሉ አወራች፦
«ልጄ ትናንት፣ በአንድ ቀን፣
አምስት ጊዜ አረፈ፤
አንዴም ግን አላረፈ።»

ረቡዕ ሁሉም ሰው ዕቅዱን ፈታ፣
እንደ ተሳሳተ ሹራብ፣ ክሩን እየጎተተ።
ሙሽራዋ ፖርቶ ላይ ቬሎ ተከራየች፤
ግራሲንዳ የራሷን ሰቅላ ስታየው ዋለች።
ቫልዴማር በግማሽ ዋጋ ቱናውን ሸጠና
ከተማው ሦስት ቀን ጠበሰ፣ ቀቀለ፣ በላ፣
ድመቶቹ እንኳ ሰለቻቸው።
ከሊዝበን ክሊኒክ ስልክ ተደወለ፤
የሽማግሌው ተራ ለሌላ ሰው ሆነ።
«አዲሱ ቀጠሮ መጋቢት ላይ ነው» አሉት።
«መጋቢት» አለ፣ እንደ ሩቅ ዘመድ ስም።

ሐሙስ፣ ለእኩለ ሌሊት ሩብ ሲቀረው፣
ስልኬ ጠራ፦ «ተስማምተዋል። ይበራል።»
መብራቱን ሳላበራ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ።
ለማን ልደውል?

ዓርብ ሰማዩ ጠራ፤ ጭጋግ እንኳ አፈረ።
ከሰባው ወንበር አርባ አንዱ ባዶ ነበረ።
ኖርቤርቶ በፊቴ አለፈ፣ ኮፍያው በእጁ፣
ዓይኑ እንደ በርበሬ። «እንደምን አደርሽ?»
«ደህና» አልኩት። ደግሞም፦ «እናትህን ሰላም በልልኝ።»
ዘወር ብሎ አየኝ። ያወቀ መሰለኝ።

አውሮፕላኑ ተነሣ። ከሽቦው አጥር ሥር
አንድ ሰው ቆሞ ነበር፣ ፊቱን ወደ ላይ፤
ኤውዜብዮ፣ የዓርብ ኮቱን ለብሶ፣
ድምፁን በጆሮው እየተከተለ።
አጠገቡ ቆምኩ።
«ሄደ?» አለኝ።
«ሄደ» አልኩት።
ሳምንቱን ሙሉ ከአፌ የወጣች
ቁርጥ ያለች ቃል ይቺ ብቻ ነበረች።